መሬቱስ ለማን ሆነ?

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደብረ ታቦር ላይ ፊልም ማየት ማለት ከሰው ጋር መከራከር ማለት ነበር። የምናየው ቪዲዮ ቤት ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደ መስኮት፣ ከባሕር ዛፍ የተመታ አግዳሚ፣ ከፊት ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። ካሴቱ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ይመጣል። በር ላይ የሚለጠፈው ካርቶን የፊልሙን ርእስ አይጽፍም፤ የአክተሩን ስም ነው የሚጽፈው፤ «ራምቦ»፣ «ቫን ዳም»፣ «ባንዴራስ»። ከጉና የሚወርደው ብርድ ቤቱ ውስጥም ስለሚገባ ትንሹም ትልቁም ጋቢውን እንደተከናነበ ይቀመጣል። ቆሎው ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። እንግሊዝኛው የገባው ጮክ ብሎ ያስረዳል፤ ያልገባው ከምስሉ ተነሥቶ የራሱን ይተረጉማል። ፊልሙ ሲያልቅ ቶሎ ተነሥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ሃምሳ ሳንቲም ያጣ ልጅ በማግስቱ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ተቀምጦ ፊልሙን በሙሉ ካየ ሰው አፍ ይሰማል፤ ከነጥይቱ ድምፅ።

ትልልቆቹ ቪዲዮ ቤትን አይወዱትም ነበር። ልጅ ያባልጋል፣ ዱርዬ ያደርጋል ይሉ ነበር። ስለ አንዳንዱ ፊልም እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ስለ ሥልጣን፣ ስለ መሬትና ስለ ድንበር መጀመሪያ አጥብቄ ያሰብኩት በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ አይደለም። እዚያ አግዳሚ ላይ ነው፤ ተራ በሚባሉት የሽፍታና የተኩስ ፊልሞች። ከእነሱም ከልቤ ያልወጡት የሜክሲኮ ሰዎች ታሪክ ያለባቸው ናቸው።

ሜክሲኮ ሲባል ለአብዛኞቻችን ትዝ የሚለን የአዲስ አበባው አደባባይ ነበር። ጣሊያን አገራችንን ስትወር ሜክሲኮ ወረራውን አጥብቀው ከተቃወሙትና ፈጽሞ ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ የሜክሲኮ ዋና ከተማም እስከ ዛሬ «ኢትዮጵያ» የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አላት። ይህን የሰማ ልጅ ባለ ሰፊ ባርኔጣውን ሰው ስክሪን ላይ ሲያይ እንደ ዘመድ ነበር የሚቀበለው።

መጀመሪያ የመጣው «ዴስፔራዶ» ነው። ጊታር ሣጥን ውስጥ መሣሪያ ይዞ የሚዞር ሙዚቀኛ፣ የከተማውን የዕፅ ነጋዴ የሚያሳድድ። ከሱ ቀድሞ የተሠራው «ኤል ማሪያቺ» እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጣ ያስወጣው ገንዘብ 7 ሺህ ዶላር ገደማ መሆኑን፣ ዳይሬክተሩ ሮበርት ሮድሪገዝም ከገንዘቡ ከፊሉን ያገኘው መድኃኒት ለሚሞክሩ ተመራማሪዎች ሰውነቱን በክፍያ አሳልፎ ሰጥቶ መሆኑን ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ያን ጊዜ ለእኛ ተኩሱ በቂ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው «ዞሮ» የመጣ ዕለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተሠራው፣ ባንዴራስ ጭምብል አጥልቆ በሻምላ የሚዋጋበት። የገበያ ቀን ስለነበር ቤቱ ጢም ብሏል። ከፋርጣ ድንች ጭነው የመጡ አንድ አባት አህያቸውን ለልጅ አስይዘው፣ ዱላቸውን በር ላይ ትተው ገብተው ከጎናችን ተቀመጡ። ታሪኩ ካሊፎርኒያ የሜክሲኮ በነበረችበት ዘመን ነው። የስፔኑ ገዢ አገሩን ለቆ ሲወጣ መሬቱን ለባላባቶች አከፋፍሎ ይሄዳል። ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣና ገበሬዎችን ከየመንደሩ አፍሶ በድብቅ የወርቅ ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ በዚያ ወርቅ አገሩን ለራሱ ሊገዛበት። ጉዱ እንዳይወጣ ሠራተኞቹን ከነጉድጓዱ ሊያፈነዳ ሲል ዞሮ ይደርሳል። ገበሬዎቹ ይፈታሉ፣ ገዢው ይሞታል፣ አክተሩ ቆንጆዋን ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል። ቤቱ በፉጨት ተናጋ።

ፉጨቱ ሲበርድ እኒያ አባት ወደ እኛ ዞሩ። «ልጆቼ፣ መሬቱስ ለማን ሆነ?»

ማንም አልመለሰም። አንዱ ልጅ «አባባ፣ ነጻ ወጡ እኮ!» አላቸው። «መውጣታቸውንስ አየሁ፤» አሉ። «ወጥተው የት ነው የሚያርሱት? ባላባቶቹ እንዳሉ ናቸው። መሬቱን ሲመልሱ አላየሁም።»

ያ ጥያቄ በደቡብ ጎንደር አፍ ለምን ክብደት እንደነበረው በዘመኑ የነበረ ያውቀዋል። በአማራ ክልል የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ከተካሄደ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የሚባል ስም የወጣለት ሰው መሬቱ ተቀንሶ ለሌላ ተሰጥቷል። ትናንት የቀበሌ ሊቀ መንበር የነበረ ዛሬ ጥማድ ተቆርጦበታል፤ ያልነበረው ደግሞ አግኝቷል። የተቀነሰበት እንደ ግፍ፣ ያገኘው እንደ ፍትሕ ያየው ነበር፤ ሁለቱም ጎረቤት ናቸው፣ ማኅበር አብረው ይጠጣሉ። በይፋ የሚወራ ነገር አልነበረም። በዚያች ጨለማ ቤት ግን ስለ ካሊፎርኒያ እየተባለ ስለ ፋርጣና ስለ እስቴ ተወራ። ባላባቱ መሬቱን መቀማት አለበት የሚል አለ፤ የተቀማውስ ወዴት ይሂድ የሚል አለ፤ የሚያከፋፍለው ማነው፣ በማን ሚዛን የሚል አለ። እኒያ አባት የራሳቸውን መሬት አላነሡም። የዞሮን ገበሬዎች ጉዳይ ብቻ ነው አጥብቀው የያዙት። እኔ ግን ስለ ማን እንደሚናገሩ ገብቶኝ ነበር፤ ሁሉም ገብቶት ነበር።

ፊልሙ ለጥያቄያቸው መልስ የለውም። ታሪክ ግን አለው። እ.ኤ.አ. በ1848 ሜክሲኮ በጦርነት ተሸንፋ ካሊፎርኒያን ለአሜሪካ አስረከበች። በ1851 ደግሞ በስፔንና በሜክሲኮ ዘመን መሬት የተሰጠው ሁሉ ይዞታውን በኮሚሽን ፊት በሰነድ እንዲያረጋግጥ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ክርክሩ ዓመታት ይፈጃል፣ በማያውቁት ቋንቋ ነው፤ ብዙዎቹ ቢረቱም እንኳ መሬቱ ለጠበቃና ለዕዳ ሄደ። ባላባቱም ተነቀለ፤ ከሥሩ የነበረው አራሽም አላገኘም። እኒያን አባት ባገኛቸው ይህን ነበር የምነግራቸው።

በሜክሲኮ በኩል የመሬቱ ነገር ከርስት አገር ሰው ጋር በጣም ይቀራረባል። ኤሚሊያኖ ዛፓታን የትውልድ መንደሩ አኔኔኩዊልኮ እ.ኤ.አ. በ1909 መሪው አድርጎ ሲመርጠው ሽማግሌዎቹ ያስረከቡት የመንደሩን የጥንት የመሬት ሰነድ ነው። አብዮተኛ ከመሆኑ በፊት የሰነድ ጠባቂ ነበር። ዘሩን እስከ አቅኚ አባት ቆጥሮ ርስቱን የሚሞግት የጎንደር ገበሬ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። «መሬት ለአራሹ» ብለው በ1957 አዲስ አበባ ላይ የወጡት ተማሪዎች ዛፓታ ያነሣውን ጥያቄ ነበር ያነሡት፤ የ1967ቱም አዋጅ የመጣው ከዚያ ጥያቄ ነው። የሜክሲኮ ሲኒማ አብዮቱን ገና ትኩስ ሳለ አነሣው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የተሠራው የፓንቾ ቪያ ፊልም ጀግናውን ከነጭካኔው ያሳየዋል፤ ተከታዮቹን ለሞት ነድቶ ዞር ብሎ የማያይ አድርጎ።

ሽፍታ በፊልም ሲመጣ ለእኛ አዲስ ሰው አልነበረም። ደብረ ታቦር የቴዎድሮስ ከተማ ናት። ካሣ ኃይሉ ከመንገሡ በፊት በቋራ በረሃ ሸፍቶ፣ ከቅፍለት የነጠቀውን ለገበሬ ያካፍል ነበር ተብሎ የሚተረክለት ሰው ነው። ያው ሰው ከነገሠ በኋላ ከከተማችን ጥግ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን አስቀልጦ፣ በ1860 መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሣ ደብረ ታቦርን በእሳት አቃጥሎ ነው የሄደው። ሸፍቶ ደሃ የደገፈ፣ ነግሦ ከተማውን ያቃጠለ። ይህን ሁለት ፊት የሚያውቅ ሕዝብ ፊት የሽፍታ ፊልም ሲታይ ተመልካቹ በቀላሉ አይታለልም። ሻምላ የያዘው ሁሉ የደሃ ወገን ነው ብሎ አይጀምርም፤ ምን እንደሚያደርግ ይጠብቃል።

«ዞሮ» ውስጥ አንድ ትዕይንት ነበር፤ የአክተሩን ወንድም፣ ሆአኪን የሚባለውን ሽፍታ፣ የጦር አዛዡ ራሱን ቆርጦ በብርጭቆ ዕቃ ያስቀምጠዋል። ልጆቹ «ይሄስ ውሸት ነው» አሉ። ውሸት አይደለም። ሆአኪን ሙሪዬታ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1853 በካሊፎርኒያ የተገደለውን ሰው ራስ ሃሪ ላቭ የሚባል አዛዥ በአልኮል ዘፍዝፎ አምጥቶት በየከተማው በክፍያ ታይቷል። አግዳሚው ላይ ከነበሩት ትልልቆች አንዱ ታዲያ ከጋይንት ማዶ ያለውን ዋግን ጠቅሶ የደጃዝማች ኃይሉ ከበደን ነገር አነሣ፤ ጣሊያን ራሳቸውን ቆርጦ ሕዝብ እንዲያየው ያዞረውን አርበኛ። ልጆቹ ዝም አሉ። እንደዚህ ነበር የምናየው። ፊልሙ አንድ ነገር ያነሣል፣ ቤቱ በራሱ ታሪክ ይመልሳል።

ኋላ አዲስ አበባ ስማር የሉዊስ ኤስትራዳን «የሄሮድስ ሕግ» አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተሠራ ኮሜዲ ነው፤ ታሪኩ የ1949 ነው። ጥፋት የማያውቅ አንድ የፓርቲ ጀሌ፣ ቀድሞ የቆሻሻ መጣያ ጠባቂ የነበረ፣ በነባር ሕዝቦች መንደር ከንቲባ ተደርጎ ይላካል። መጀመሪያ ለመንደሩ መብራትና ትምህርት ሊያመጣ ይመኛል። በጀት የለም። አለቃው አንድ የሕገ መንግሥት መጽሐፍና አንድ ሽጉጥ ሰጥቶ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ከመጽሐፉ አንቀጽ እየጠቀሰ ግብር ይፈጥራል፣ ጉቦ ይበላል፣ ሰው ይገድላል፤ በመጨረሻም ያድጋል። ፊልሙ ያን ጊዜ ሜክሲኮን ሰባ ዓመት ገደማ የገዛውን ፓርቲ በስሙ ጠርቶታል፤ ባለሥልጣኖቹ እንዳይወጣ ቢሞክሩም ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት ፓርቲው በምርጫ ወደቀ። ፊልሙ ነው የጣለው አልልም። ሰዉ በአዳራሽ ተሰብስቦ በዚያ ከንቲባ እየሳቀ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ማየቱ ግን ቀላል ነገር አይደለም። እኔም ስስቅ ያየሁት የሜክሲኮ ሰው አልነበረም።

የኛም ሲኒማ ይህን ያውቅበት ነበር። የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሶስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን፣ ጭሰኛና ባላባት ገና ፊት ለፊት በሚተያዩበት አገር ነው። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ደግሞ ከጀርመን የተመለሰ ምሁር በጣና ዳር መንደር እናቱ ቤት ተቀምጦ፣ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ የተደበቁ ልጆችን ያገኛል። በማግስቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀይ ስህተት»ን ለተራው ተመልካች ብሎ ሠርቶ ቀይ ሽብርን ወደ አዳራሽ አስገባ። ከዚያ በኋላ ግን ገበያው ወደ ፍቅር ኮሜዲ ዞረ። ኮሜዲ አልጠላም፤ «የሄሮድስ ሕግ»ም ኮሜዲ ነው። የሚያሳዝነኝ ሳቁ የማንንም ደጃፍ አለመንካቱ ነው። አዲስ አበባ፣ ቪላ ቤት፣ መኪና፣ ሀብታም ልጅና ደሃ ልጅ፤ የሚያርስ ሰው ከታየ ገጠሬ ተብሎ ሊሳቅበት ነው። በ2008 ቃና ቴሌቪዥን ከቱርክና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ድራማዎችን በአማርኛ እያሰማ ሲጀምር የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቆጡ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ እንጀራቸው ነው። ደብረ ታቦር ያሉ እናቶች ግን ከሥራ በኋላ ቁጭ ብለው የሚያዩት ድራማ ውስጥ የቤት ሠራተኛዋ ዋና ሰው ስትሆን፣ ጌታዋን ፊት ለፊት ስትሞግተው አየሁ፤ እነሱም ስለ እሷ ሲከራከሩ ሰማሁ። በኛ ፊልም ሠራተኛዋ ብዙውን ጊዜ ቡና ይዛ ገብታ ትወጣለች።

ቪዲዮ ቤቶቹ ቀስ በቀስ ተዘጉ። ሲዲ መጣ፣ ዲሽ መጣ፣ ስልክ መጣ። አሁን ልጆቹ በዓለም ያለውን ፊልም ሁሉ ያገኛሉ፤ እያንዳንዱ በጆሮ ማዳመጫው፣ በየአልጋው። ያየውን ለማን ይተርካል? ሌላውም የራሱን እያየ ነው።

ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣና የስልክ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ለጥቂት ጊዜ ነገሩ ተመለሰ። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ የዘመድና የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው አገኘሁ። ይዤው የሄድኩትን ፊልም አብረን አየን፤ «ስሊፕ ዲለር» ይባላል፤ አሌክስ ሪቬራ እ.ኤ.አ. በ2008 የሠራው፣ ስለ መጪው ዘመን የተፈጠረ ታሪክ ነው። በኦሃካ ገጠር ወንዛቸው ተገድቦ ውሃው የኩባንያ ሆኗል፤ አባትና ልጅ ማሳቸውን ለማጠጣት ውሃ በገንዘብ ይገዛሉ። ልጁ ራሱ በገጣጠመው አንቴና ሊሰማ የማይገባ ነገር ሲጠልፍ ይደረስበታል፤ አሸባሪ ይባላል፤ ሩቅ አገር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የሚነዳው ድሮን መጥቶ ቤታቸውን ይመታል፣ አባቱ ይሞታል። ልጁ ቲዋና ይወርድና ሰውነቱ ላይ ሽቦ አስተክሎ፣ ከዚያው ከሜክሲኮ ሳይወጣ አሜሪካ ያለ ሮቦት እያንቀሳቀሰ ፎቅ ይሠራል። ጉልበቱ ድንበር ይሻገራል፤ እሱ አይሻገርም። ድሮኑን የነዳው ሰው ራሱ የሜክሲኮ ስደተኞች ልጅ ነው፤ የገደለው ማን እንደሆነ ሲገባው ፈልጎት ይመጣል።

የቪዲዮ ቤቱ ዘመን ተመልካች ይህን ቢያይ ተረት ነው ይል ነበር። እነዚህ ልጆች ድሮን ምን እንደሆነ እንዳስረዳቸው አልጠየቁኝም። አንዷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ብቻ «ጋሼ፣ የነዳው ሰውዬ ይቅርታ ሲጠይቅ ልጁ ለምን ተቀበለው?» አለችኝ። ያን ሌሊት እስከ አምስት ሰዓት የተከራከርነው በዚህ ነው። ይቅር ማለት አልነበረበትም ያለ አለ፤ ግድቡን አብሮት ስላፈረሰ ካሰ ያለ አለ፤ አባት በግድብ አይካስም ያለች እሷ ነበረች።

ድንበሩም እንደዚሁ ነው። ያኔ የሜክሲኮ ድንበር ፊልም ላይ የሚታይ የሌላ ሰው ጣጣ ነበር። የሮድሪገዝ «ማቼቴ» ውስጥ ሴናተሩ በኤሌክትሪክ አጥር ምርጫ ሊያሸንፍ ሲያልም፣ ሌሊት ድንበር በሚሻገሩ ሰዎች ላይ ሲተኩስ ተመልካቹ እንደ ተጋነነ ነገር ነው የሚወስደው። ዛሬ ከየሰፈሩ የሚወጣው ልጅ አብዛኛው በመተማ ወደ ሱዳንና ሊቢያ፣ ወይም በጅቡቲ ወደ ዓረብ አገር ነው። ገንዘብ ያለው ወይም ቤት ያሸጠ ግን በቅርብ ዓመታት ብራዚል ይገባ፣ ከኮሎምቢያ ወደ ፓናማ የዳሪየንን ጫካ በእግሩ ያቋርጥ፣ ሜክሲኮ ደቡብ ታፓቹላ ላይ ወረቀት ይጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ520 ሺህ በላይ ሰው ያን ጫካ ተሻግሯል፤ ብዙዎቹ የቬኔዝዌላ ሰዎች ነበሩ፣ በመካከላቸው ግን አማርኛ የሚናገሩም ነበሩ። እኛ የሜክሲኮን ሰው በፊልም እንዳየነው የታፓቹላ ነጋዴም የኛን ልጅ በአይኑ አየው። ስለዚህ ጉዞ የሜክሲኮና የላቲኖ ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምረው ፊልም ሲሠሩ ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው «ኤል ኖርቴ» የጓቲማላ ወንድምና እህት በቆሻሻ ቱቦ ውስጥ እየዳኹ ሲሻገሩ አሳይቷል። የመተማው መንገድ ግን እስከ ዛሬ በአማርኛ ሰፊው ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያየው፣ ስሙን የሚጠራው የሽፍታና የደላላ ፊልም አላገኘም። የሽግሽጉም አላገኘም። ለዚያ ሰባት ሺህ ዶላር ያልሞላው አገር አይመስለኝም፤ ደፍሮ የሚጽፍና ደፍሮ የሚያሳይ ነው ያነሰው።

የሚጽፍስ አለ። አባት በግድብ አይካስም ያለችው ተማሪ ዛሬ የምትጽፈው ታሪክ አላት፤ ደብተር ሙሉ ነው። ከወረታ ሩዝ ጭኖ ስለሚወጣ ሾፌርና ጎኑ አስቀምጦ ስለሚያሳልፋት ልጅ ነው፤ እኔ እስከ መሃሉ አንብቤዋለሁ፣ ኬላ ላይ ያለው ክፍል እጅግ ጥሩ ነው። በከተማው ወንበሩ የተደረደረ፣ ድምፅ ማጉያ ያለው አዳራሽ አለ፤ ለስብሰባ ይከፈታል። እሷና ጓደኞቿ በወር አንድ ቀን ለፊልም እንዲከፈትላቸው ማመልከቻ ጽፈዋል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ቢጀመር ሳይመሽ ሁሉም ቤቱ ይገባል ብለዋል። መጀመሪያ «ጤዛ»፣ ቀጥሎ «የሄሮድስ ሕግ» እንዲታይ ዘርዝረዋል። እኔ ከፊልሙ በኋላ አንድ ሰዓት ለክርክር ይያዝ የሚል አስጨምሬ፣ ከሥር ፈርሜያለሁ።